ሰላምታ የማታውቅ መኪና

እትዬ ቺዙሩ ቶፉ ይዘው ሲመጡ ከጥሩምባቸው ቀድሞ የሚሰማው የመኪናቸው ሳል ነበር። ነጭ፣ ጠባብ፣ ከኋላዋ ክፍት የሆነች ትንሽ የጭነት መኪና ናት። በሩዝ ማሳዎቻችን መሃል በሚያልፈው መንገድ ሰፋ ያለ መኪና ከገባ አንድ ጎማው ቦይ ውስጥ ነው የሚያድረው፤ እሷ ግን ትሾልካለች። መስኮቷ በእጅ ይዞራል። ሬዲዮዋ አንድ ጣቢያ ብቻ ይይዛል፤ እሱም ዝናብ ሲጥል ይኮርፋል።

ባላቸው ከሞቱ ወዲህ ቶፉውን የሚሠሩትም የሚያዞሩትም እሳቸው ናቸው። በማለዳ አኩሪ አተሩን ፈጭተው፣ ወተቱን እንደ አይብ አርግተው፣ ቆርጠው፣ ውኃ በተሞላ ገንዳ ላይ ያንሳፍፉትና ወደ ላይኛው ሰፈር ይወጣሉ። ላይኛው ሰፈር ሱቅ የለም፤ አውቶቡሱም ከቀረ ቆየ። የቀሩት ሽማግሌዎችና አሮጊቶች ቶፉ ብቻ ሳይሆን አምፖሉን፣ የጉንፋን መድኃኒቱን፣ የታችኛውን መንደር ወሬ ሁሉ የሚጠብቁት ከእሳቸው ነው። እኔ ጎረቤታቸው ነኝ፣ ሚዮሪ። ልጄን ካኖንን ሕፃናት መዋያ አድርሼ አብሬያቸው እወጣለሁ። እሳቸው ይነዳሉ፣ እኔ እሸጣለሁ።

ሟቹ ባላቸው መንዳት ሲያስተምሯቸው የሰጧቸው ሕግ አንድ ብቻ ነበር፦ ቶፉው ከቤት መውጣቱን ሳያውቅ ይድረስ። እትዬ ቺዙሩ በዚህ ሕግ እየነዱ ሰባን ተሻገሩ። ቶፉ የተሰበረባቸው አንድ ቀን ብቻ ነው፤ የዚያን ቀንም ጥፋቱ መንገድ ላይ ዘሎ የገባው ከርከሮ ነበር ይላሉ።

ባለፈው የጸደይ ወራት መኪናዋ ምርመራ ወደቀች። መካኒኩ ከሥሯ ወጥቶ እጁን በጨርቅ እየጠረገ፣ «እትዬ፣ ብረቷ አልቋል። እስካሁን አያይዞ ያቆያት ቀለሙ ነው» አላቸው።

ከተማ ወርደን መኪና መሸጫው ገባን። ሻጩ አቶ ኢሶቤ ፀጉሩ የሸሸ፣ ፈገግታው ያልሸሸ ሰው ነው። እናቱ የእትዬ ቺዙሩ ደንበኛ ስለነበሩ እሳቸው አንተ ይሉታል።

«እንደ ድሮዋ ያለች አዲስ ስጠኝ» አሉት።

«አለች። እዚህ ግን የለችም። ማንም አይጠይቃትም እኮ።»

«ካላሳያችኋት ማን ይጠይቃት?» አልኩ እኔ። ለራሴም መኪና ያስፈልገኝ ስለነበር ጆሮዬ ቆሟል።

አቶ ኢሶቤ አንገቱን አከከና በመስታወቱ በኩል የሚያብረቀርቀውን አዲሱን መኪና አሳየን። በሩ በራሱ ይከፈታል። መሪው ፊት ለፊት የትምህርት ቤት ሰሌዳ የሚያህል ስክሪን ተገትሯል። ከዚያ በላይ ደግሞ ነጂውን ሳያቋርጥ የምታይ ትንሽ ካሜራ አለች። «ነጂው ከደከመው ትነግረዋለች፤ ለቤተሰቡም ስልክ ላይ ትልካለች» አለ።

«እኔ ስደክም ቤተሰብ ምን ያደርግልኛል?» አሉ እትዬ ቺዙሩ።

ቤተሰብ ማለት ኦሳካ የሚኖረው አንድ ልጃቸው ኩኒሂሮ ነው። እናቱን ይወዳል፤ ስለሚወዳቸውም ያስፈራራቸዋል። የዚያኑ ዕለት ደወለ።

«እማ፣ ያልጠረጠረ ተመነጠረ ነው። ወይ ይቺን የምትጠብቅሽን መኪና ግዢ፣ የጎደለውን እኔ እሞላለሁ። ወይ መንጃ ፈቃድሽን ለፖሊስ መልሺ። ስንቱ የአንቺ እኩያ መልሶ አርፎ ተቀምጧል።»

«የተቀመጠውስ ተቀምጧል። አርፎ መሆኑን ማን ነገረህ?» አሉና ስልኩን ዘጉት። ካሰቡ በኋላ ግን መኪናውን ለአንድ ሳምንት በሙከራ ተቀበሉ። ኩኒሂሮም ከራሱ ስልክ ጋር አገናኘው።

በመጀመሪያው ቀን ገንዳዎቹን ከኋላ ጭነን ተነሣን። የተራራው መንገድ የአንድ መኪና ስፋት ነው፤ ሁለት ከተገናኙ አንዱ ጥግ ይዞ ያሳልፋል። ፖስተኛው ጥግ ያዘልን፤ አመስግነን አለፍን። መኪናዋ ጮኸች። «ድካም ይታይብዎታል። እባክዎ ቆመው ይረፉ።»

«አልደከመኝም» አሉ እትዬ ቺዙሩ።

ትንሽ ወጣ ስንል የእንጨት ጫኙ መኪና ወደ ኋላ ሸሽቶ አሳለፈን። መኪናዋ ደገመች። በድልድዩ ላይ፣ በመቃብሩ መታጠፊያ ላይ እንደዚያው። ላይኛው ሰፈር ስንደርስ ከቶፉው አንድም አልተሰነጠቀም፤ የእትዬ ቺዙሩ ፊት ግን ተሰንጥቋል።

«ሚዮሪ፣ ዓይኔን ጨፍኜ ነበር?»

«ኧረ በጭራሽ።»

«እሷ እኮ ፊቴን ነው የምታየው። አንቺ መንገዱን ነበር የምታዪው።»

በማግስቱ መንገዱን ትቼ ፊታቸውን ሳይ ዋልኩ፤ እንዲህ ለሚያይ ሰው ደግሞ ሁሉም ነገር እንቅልፍ ይመስለዋል። ኩኒሂሮ ሥራ ላይ ሆኖ ስልኩ እየተንጫጫበት ማስጠንቀቂያውን ሁሉ አንብቧል። አርብ ከሥራ ፈቃድ ወስጄ እመጣለሁ፣ ፖሊስ ጣቢያ አብረን እንሄዳለን አለ። እትዬ ቺዙሩ አልተከራከሩም። ያስፈራኝ ይህ ነው፤ እሳቸው ያልተከራከሩበት ቀን አላውቅም። ቶፉ እየቆረጡ «ላይኞቹን ማን ያይልኛል?» አሉ፣ ለቢላዋው እንጂ ለእኔ አይመስልም።

አርብ ዕለት ኩኒሂሮ ከነክራቫቱ ደረሰ። እናቱ አንድ ነገር ብቻ ጠየቁት፦ መጀመሪያ ላይኛው ሰፈር ወጥተው ደንበኞቻቸውን እንዲሰናበቱ። «እኔ እነዳለሁ» አለና መሪውን ያዘ። እሳቸው ከጎኑ፣ እኔ ከኋላ ከገንዳዎቹ ጋር።

«ቀስ በል» አሉት፣ ገና ከግቢ ሳንወጣ።

«እማ፣ አሥር ሜትር አልሄድኩም።»

«ቶፉው አውቋል።»

ከታችኛው ድልድይ አለፍ ስንል ፖስተኛው ብቅ አለ፤ እንደ ልማዱ ጥግ ያዘልን። ኩኒሂሮ የዚሁ መንደር ልጅ ነው፤ ኦሳካ ክራቫት ሰጠችው እንጂ አንገቱን አልወሰደችበትም። መሪውን እንደያዘ ጭንቅላቱን ዝቅ አድርጎ አመሰገነ።

«ድካም ይታይብዎታል» አለች መኪናዋ። «እባክዎ ቆመው ይረፉ።»

የኩኒሂሮ ስልክ ኪሱ ውስጥ ተንጫረረ። እናቱ አውጥተው አነበቡለት። «እናትህ ደክሟታል ይላል።»

ማንም አልሳቀም፤ ገና አልገባንም። ቀጥሎ አቶ ኖሙራ በእርሻ ትራክተራቸው መጡ። ሽማግሌው ገደሉ ጫፍ ድረስ ወጥተው ቆሙልን። ኩኒሂሮ ከበፊቱ ዝቅ አድርጎ ጎነበሰ። መኪናዋም ከበፊቱ ጮክ ብላ እንዲያርፍ ለመነችው።

እትዬ ቺዙሩ ቀና አሉ። «ኩኒ፣ ለሚቀጥለው አታጎንብስ።»

«እንዴት አላጎነብስም? ሰው መንገድ ለቆልኝ?»

«አንዴ ብቻ። ለእኔ ብለህ።»

መቃብሩ ጋ የመጡት የእንጨት ጫኙ መኪና ባለቤት አቶ ካጂ ነበሩ። ኩኒሂሮ አንገቱን እንደ ዱላ ገትሮ እጁን ብቻ አነሣ። መኪናዋ ዝም። አቶ ካጂ ግን መስኮታቸውን አወረዱ።

«የቺዙሩ ልጅ አይደለህም እንዴ? ኦሳካ አከርካሪ ታስቀራለች ወይ?»

እትዬ ቺዙሩ መሳቅ ጀመሩ። ክንዳቸው በሩን እየመታ፣ እንባቸው እየወረደ ሳቁ። ኩኒሂሮ ወርዶ አቶ ካጂን በሁለት እግሩ ቆሞ እጅ ነስቶ ይቅርታ ጠየቀና ተመለሰ። መሪውን ይዞ ትንሿን ካሜራ አያት። ከዚያ «ሰው ለሰላምታ አንገቱን ዝቅ ባደረገ ቁጥር እንቅልፍ ይመስላታል» አለ ቀስ ብሎ። «ሳምንቱን ሙሉ መኪናዋ የነገረችኝ እማ ሰላምታ መስጠቷን ነው።»

«ስንት ሰው እንደማከብር አወቅህ» አሉ እናቱ።

ላይኛው ሰፈር ስንደርስ ስንብት የተባለውን ማንም አላነሣውም። ቶፉ ሸጥን። ኩኒሂሮ አምፖል ቀየረ።

ስንመለስ ግን ሳቁ በረድ ሲል «መፍራቴ አልተወኝም፣ እማ» አለ። እውነቱን ነው። ሰው ያረጃል፣ ገደሉ ያው ገደል ነው። እትዬ ቺዙሩም አልቀለዱበትም።

«እኔም እፈራለሁ። ስለዚህ በየዓመቱ ዓይኔን እመረመራለሁ፣ ሳይመሽ እወርዳለሁ። ቶፉው ያለ ከርከሮ የተሰበረ ቀን ፈቃዴን እኔው ራሴ ወስጄ እመልሳለሁ። ሚዮሪ ምስክር ናት፤ ስብርባሪውን የምትበላው እሷ ስለሆነች አትደብቅም።»

ከዚያው ወደ አቶ ኢሶቤ ወረድን። መኪናዋን መለስንና ታሪኩን ነገርነው። ሻጩ ለደንበኛው ቀኑን ሙሉ የሚያጎነብስ ሰው ስለሆነ ወዲያው ገባው። ኩኒሂሮ አንድ ነገር ብቻ ጠየቀ፤ ከፊት አደጋ ሲመጣ በራሱ የሚይዘው ፍሬን።

«እሱ በሕግ የግድ ነው፤ በትንሿም ላይ አለ» አለ አቶ ኢሶቤ። «ከዚያ ውጭ ግን ምንም የላትም።»

«ምንም ማለት ምን ማለት ነው?» አልኩ። «ጣሪያ አላት?»

«አላት።»

«ማሞቂያ? የልጅ ወንበር ማሰሪያ?»

«ለእናንተ፣ ለእናትና ልጅ፣ እስከ ኋላ ጣሪያ ያላት ትሻላለች፤ አራት ሰው ትይዛለች። ሁለቱም አላት። ዋጋዋም የዚያችኛዋ ግማሽ ነው።»

«ታዲያ ምንም የላትም የምትላት ይቺን ነው?»

እኔ የመኪና አዋቂ አይደለሁም፤ ሁለተኛ ደረጃ ጨርሼ ነው ወደ ሥራ የገባሁት። ድስት ሊገዛ የሄደን ሰው ግን ሙሉ ኩሽና ካልገዛህ አንሸጥልህም አይሉትም። መኪና የሚሠሩት ሰዎች ሰው ሁሉ ብዙ ነገር ይፈልጋል ይላሉ። ትንሿን ጓሮ ደብቀው ትልቋን መስታወት ቤት ካስቀመጡ፣ ፈላጊው በምን ይታወቃል? ዝናብ ሳያገኘን ልጄን መዋያ የማደርስባት፣ ብትቧጨር እንቅልፍ የማታሳጣኝ፣ ስትበላሽ የመንደሩ መካኒክ የሚፈታት መኪና ለእኔ ትንሽ ነገር አይደለችም። እትዬ ቺዙሩ ጭነቷን አዘዙ፣ እኔ ባለ ጣሪያዋን። ወሬው ላይኛው ሰፈር ደርሶ የአቶ ኖሙራ ልጅ ሚስትም «እኔም ያቺን ምንም የሌላትን» ብላ ደወለች። ከዚያ ወዲህ አቶ ኢሶቤ አንዷን መስታወቱ ፊት አቁሟታል።

ጥበቃው ረዘመ፤ እስከ ሩዝ አጨዳ። መልካም ቀን ተመርጦ ልንረከብ ሄድን። እትዬ ቺዙሩ አዲሷ መኪና ውስጥ ገብተው መስኮቱን በእጃቸው አዙረው ከፈቱ፣ ዘጉ፣ ደግሞ ከፈቱ። ከኋላ ውኃ የሞላ ገንዳ ጭነዋል፤ በውስጡ አንድ ቁራጭ ቶፉ ብቻ።

አቶ ኢሶቤ እንደ ወጉ መንገዱ ዳር ወጥቶ፣ መኪናዋ ከዓይን እስክትሰወር ጎንበስ ብሎ ቆመ። እትዬ ቺዙሩ በመስታወት አዩትና አንገታቸውን ዝቅ አድርገው መለሱለት።

ሁለታችንም ጆሯችንን አቁመን ጠበቅን። ምንም የጮኸ ነገር የለም። ከኋላ ውኃው ብቻ ትንሽ ተነቃነቀ።

«አወቀ እንዴ?» አሉኝ።

ዞሬ አየሁት። «አላወቀም» አልኳቸው። ማርሽ ቀየሩና ወደ ላይኛው ሰፈር መንገድ ታጠፉ።