ገና አስራ ሁለት አልሆነም

የልጅ ልጄ ሊያ ባለፈው ሳምንት ከትምህርት ቤት መጥታ ቦርሳዋን ሶፋው ላይ ወረወረችና ስልኳን አፍንጫዬ ሥር ደቀነችው። የግድግዳ ሰዓት ሥዕል አየሁ። ሁለቱም ዘንጎች ወደ ላይ ተጠጋግተዋል። ከሥሩ በእንግሊዝኛ «አት ዘ ኢለቨንዝ አወር»፣ በአስራ አንደኛው ሰዓት፣ የሚል ተጽፏል።

«እማማ፣ ይሄ እኩለ ሌሊት ሊሆን ሲል ማለት ነው አይደል? ነገ ፈተና አለብኝ።»

ዐይኔ ከስልኩ ወደ መስኮቱ ሄደ። ሳሎኑ ጨለምለም ያለ ነበር፤ መጋረጃውን ዘግቼዋለሁ። ባለቤቴ ጌታሁን ካረፈ ሙት ዓመቱ ገና አልደረሰም። በሕይወት ሳለ በየቀኑ በአስራ አንድ ሰዓት ወንበሩን ወደ በረንዳ ያወጣ ነበር። በዚያ ሰዓት የአዳማ ሙቀት ጉልበቱ ይሰበራል፣ ነፋስ ይነሳል፣ ባጃጆቹ ከፋብሪካ የሚወጡትን ልጆች ጭነው በበራችን ያልፋሉ። እሱም ሻዩን ይዞ አላፊ አግዳሚውን ሰላም ይላል። ከሱ በኋላ ያን ሰዓት ማየት ስለከበደኝ መጋረጃ መዝጋት ጀመርኩ።

ሊያ መልስ ትጠብቃለች። ያ አባባል ወደ እኔ ሕይወት የገባው በስልክ አልነበረም፤ በአባቴ የጤፍ ማሳ በኩል ነው። ለእሷ በአጭሩ ነገርኳት። እዚህ ግን ቀስ ብዬ ልጽፈው እፈልጋለሁ። እጄ እንደ ድሮው አይፈጥንም፤ አንባቢ ይታገሠኝ።

አስራ ሁለተኛ ክፍል ነበርኩ። ወላጆቼ ከሞጆ ወደ መቂ በሚወስደው መንገድ፣ ከአስፋልቱ ገባ ብሎ፣ የቆቃ ሐይቅ ሽታ በነፋስ በሚደርስበት ቦታ ያርሳሉ። እኔ ናዝሬት፣ የዛሬዋ አዳማ፣ ከአንዲት የሰፈራችን ልጅ ጋር ቤት ተከራይቼ እማራለሁ። ኪራዬም ስንቄም የሚወጣው ከአባቴ ጤፍ ነው። በዚያ ዓመት አባቴን በሬ ረግጦት እግሩ ተሰብሮ ነበር። ክረምቱን ማሳው በሰው እጅ ታርሶ፣ በሰው እጅ ታርሞ ነው ለአጨዳ የደረሰው። ትምህርት ሲከፈት አባቴ በእርጋታ የነገረኝን አልረሳውም። «ጥሩዬ፣ ጤፉ በሰላም ከገባ ትጨርሻለሽ። ከተበላሸ ግን ለእህል ግዢ ነው የምንሮጠው። እዚሁ ትቀሪያለሽ። አልዋሽሽም።»

ጌታሁን የክፍሌ ልጅ ነበር። ቀጭን፣ ረጅም፣ ሸሚዙን እስከ አንገቱ የሚቆልፍ። አባቱ ባቡር ጣቢያ ይሠሩ ስለነበር በሁለት ዓይነት ሰዓት ነው ያደገው። ጣቢያው በፈረንጅ ሰዓት፣ እናቱ ቤት ደግሞ በሐበሻ ሰዓት። ሊቶሪናዋ፣ ያቺ የመንገደኛ ባቡር፣ ስትመጣ ጡሩምባዋን ሰምቶ ሰዓቱን በሁለቱም ቋንቋ ይናገራል፤ እኛም እንስቅበታለን።

በኅዳር ገደማ የእንግሊዝኛ መምህራችን ለእያንዳንዳችን አንዳንድ አባባል ሰጥተው፣ ከየት እንደመጣና ምን ማለት እንደሆነ አጥንተን ለክፍሉ እንድናስረዳ አዘዙን። ለጌታሁን የደረሰው ይሄው የአስራ አንደኛው ሰዓት ነው። ሰሌዳው ላይ ሁለት የግድግዳ ሰዓት ሳለ። አንዱ ላይ ፀሐይ ጨመረበት።

ታሪኩ በወንጌል ካለው የወይን እርሻ ባለቤት ይጀምራል፤ በቤተ ክርስቲያን ሲነበብ ሁላችሁም ሰምታችሁታል አለን። ባለቤቱ ሠራተኛ ፍለጋ በማለዳ ይወጣል፣ በሦስት ሰዓት ይወጣል፣ በስድስት፣ በዘጠኝ፣ በመጨረሻም በአስራ አንድ። የዚያ አገር ሰው ቀኑን የሚቆጥረው እንደኛ ከፀሐይ መውጫ ጀምሮ ስለነበር አስራ አንድ ማለት ፀሐይ ልትጠልቅ አንድ ሰዓት ሲቀራት ነው። ማታ ላይ ባለቤቱ ለሁሉም እኩል ይከፍላል፤ ከጠዋት የለፉት ያጉረመርማሉ። እንግሊዞችም ይህንኑ በየቤተ ክርስቲያናቸው ሰሙ። መጀመሪያ በእርጅናው ንስሐ ለገባ ሰው ይሉት ነበር፤ እያደር ግን ጊዜ ሊያልፍ ጥቂት ሲቀረው ለተደረገ ነገር ሁሉ ይሉት ጀመር። ጋዜጦቻቸው ድርድር በመጨረሻዋ ደቂቃ ሲያልቅ እንደዚያ ይጽፋሉ። አንደኛው የዓለም ጦርነት ከረፋዱ በአስራ አንድ ሰዓታቸው ስለቆመ ነገሩ ከዚያ የመጣ የሚመስላቸውም አሉ፤ አባባሉ ግን ከጦርነቱ በብዙ ይቀድማል።

«ችግሩ» አለ በጠመኔው ወደ ሁለተኛው የሰዓት ሥዕል እየጠቆመ፣ «ሰዓት አቆጣጠራቸውን ቀየሩ። ቁጥሩ ቀረ፣ ፀሐይዋ ሄደች። ዛሬ የእነሱ አስራ አንድ ወይ ረፋድ ነው ወይ ውድቅት ሊሆን ሲል። እኛ ዘንድ ግን አስራ አንድ ያው አስራ አንድ ነው። ከብቱ ሲመለስ።»

«ሰባኪው ይውረድ!» አለ ከኋላ አንዱ። ክፍሉ ሳቀ።

እኔ እጄን አወጣሁ። «እነዚያ በአስራ አንድ ሰዓት የመጡት ግን አያፍሩም? እኛ አገር ደቦ ላይ ከቀትር በኋላ የሚመጣ ሰው የለም። ከሚሰደብ ቤቱ ቢቀር ይመርጣል።»

ጌታሁን ሰሌዳውን አየ፣ እኔን አየ። «እሱን አላሰብኩትም» አለ። መምህሩ እንኳን የሚጠየቁትን ካላወቁ በሚቆጡበት ዘመን ይህን በሰው ፊት ማለቱ ገረመኝ።

ለገና ትምህርት ቤት ሲዘጋ አባቴ ነዶውን ለመሰብሰብ ደቦ ጠራ። እኔም ጉረኛ ነበርኩና ለክፍሌ ልጆች «ኑ፣ ሱፍ ፍትፍት አለ» ብዬ ተናገርኩ። ጌታሁንና ጥቂት ጓደኞቹ በማለዳ እንደሚደርሱ ቃል ገቡ። አባቴ ሲሰማ እግሩ እያመመው ሳቀ። «የናዝሬት ልጆች ጤፍ ሊከምሩ! መጀመሪያ ከሣር ይለዩት።»

የደቦው ዕለት ጎህ ሲቀድ ከወንዙ ማዶ የለቅሶ ጩኸት ተሰማ። አንድ የተከበሩ ሽማግሌ ዐርፈው ነበር። ቀብር ካለ ደቦ የለም፤ ይህን ማንም አይከራከርበትም። ለእኛ የተጠሩት ወንዶች ሁሉ ጋቢያቸውን አደግድገው ወደዚያው ሄዱ። እግር የደከማቸው ሦስት ጎረቤቶች ብቻ ቀሩልን። ከእነሱ አንዱ ኦቦ ቱፋ ናቸው፤ ክምር በመሥራት በአካባቢው አቻ የላቸውም፤ ምላሳቸውም እንደዚያው።

አባቴ ግራሩ ሥር እግሩን ዘርግቶ ተቀመጠ። እናቴና እኔ ነዶ ተሸክመን እናመላልሳለን፣ ኦቦ ቱፋ ይከምራሉ። ማሳው ግን አይጎድልም። እኔ በየምልልሱ ወደ አስፋልቱ አያለሁ። ከናዝሬት የሚመጣ ሰው የለም። ቀትር ሆነ፤ የለም። ፀሐይዋ አዘቅዝቃ ጥላችን ሲረዝም በአርሲ ተራሮች በኩል ደመና ተነሣ። በታኅሣሥ! ነጭ መስሎ ጀምሮ ሆዱ እየጠቆረ መጣ። የታጨደ ጤፍ መሬት ላይ ዝናብ ካገኘው ይጠቁራል፣ እዚያው ይበቅላል። አባቴ ደመናውን አየና ወደ እኔ ዞረ። የሚለውን ቀድሞ ነግሮኛል። እኔም ነዶዬን ይዤ ተራመድኩ፤ አቧራ ከፊቴ ላብ ጋር ሲደባለቅ አፌ ውስጥ የጭድ ጣዕም ነበር። ደብተሮቼን ለማን እንደምሰጥ አስብ ጀመር።

ከብቶቹ ወደ በረታቸው ሲመለሱ ከኋላቸው ሰዎች ብቅ አሉ። ጌታሁን ከፊት ነው። ጫማውን በእጁ ይዟል፣ ሱሪው እስከ ጉልበቱ አቧራ ነው፣ ያች ሸሚዝ ግን እስከ አንገቱ ተቆልፋለች። ከኋላው ስድስት ሰባት ልጆች አንገታቸውን ደፍተው ይከተሉታል።

ኦቦ ቱፋ ከክምሩ ላይ ሆነው ጮኹ። «አቦ! ደቦው እኮ አለቀ! ለእራት ነው የመጣችሁ?»

ልጆቹ በሐፍረት ቆሙ። ጌታሁን ጫማውን ጥሎ እጅ ነሣ። «ለሥራውም ለእራቱም ነው አባቴ። ገና አስራ ሁለት አልሆነም።»

ከዚያ ያየሁትን ዛሬም ሳስበው ደስ ይለኛል። መጀመሪያ ልጆቹን በሰልፍ አቁሞ ነዶውን እጅ በእጅ ሊያቀባብል ሞከረ፤ ባቡር ጣቢያ ጭነት ሲወርድ እንደዚያ ነው። ኦቦ ቱፋ ከላይ ሆነው ራሳቸውን ያዙ። «ተው! ተው! በየእጁ ባለፈ ቁጥር ፍሬው ይረግፋል! ጤፍ ጆንያ አይደለም! አንዴ አንሥተህ እንደ ሕፃን አቅፈህ አምጣው!»

«እሺ አባቴ» አለና በዚያው ቅጽበት ሰልፉን በተነ። አልተከራከረም፣ አልተኮሳተረም። ነዶውን አቅፎ ሲሮጥ የነዶው ጸጉር አገጩን እየኮረኮረው ይስቃል። ሳቁ ወደ ሌሎቹ ተጋባ። ከደካከሙት ሽማግሌዎች አንዱ ይዘፍን ጀመር፣ ልጆቹም ቃሉን ሳያውቁት ይቀበሉታል። ነፋሱ በረታ። የሐይቁ ወፎች ዝቅ ብለው በላያችን አለፉ። እናቴ ነጠላዋን ወገቧ ላይ አስራ እንደ ወጣት ትሮጣለች። አባቴ ተቀምጦ መቅረት አልሆንለት ብሎ በከዘራው እየጠቆመ «በዚያ በኩል! በዚያ በኩል!» ይላል።

ኦቦ ቱፋ የክምሩን ክዳን እያሳመሩ ሳለ የመጀመሪያው ጠብታ እጄ ላይ ወደቀ። በመንገዱ በኩል ያለችውን የማሳ ጥግ አልደረስንባትም፤ እሷ ረጠበች። የቀረው ሁሉ ክምሩ ውስጥ ነው። ዝናቡ ሲወርድ እየተጋፋን ቤት ገባን። ካፊያው አቧራውን ሲመታው የተነሣው ሽታ እስከ ዛሬ አፍንጫዬ ላይ አለ።

እናቴ ሱፍ ፍትፍቱን በትልቁ ገበታ አቀረበች፣ ጠላውም ተቀዳ። ጌታሁን ጓደኞቹን ይዞ በሩ አጠገብ፣ ከሁሉም ዝቅ ብሎ ተቀመጠ። ኦቦ ቱፋ ጀርባቸውን እያሹ ወደ አባቴ ዞሩ።

«እኔ ከጠዋት ጀምሬ ወገቤ ተቆረጠ። እነዚህ ፀሐይ ከበረደ መጥተው ከእኔ እኩል ሊበሉ ነው?»

ጌታሁን ጉርሻው እጁ ላይ ቀረ። ዐይኑ ፈጦ ወደ እኔ ተመለከተ። ሁለታችንም ያሰብነው አንድ ነበር። የዚያ የወይን እርሻ የጠዋት ሠራተኞች ማጉረምረም፣ ቃል በቃል በሚመስል ሁኔታ፣ ቆቃ አጠገብ መጣ።

አባቴ የክፍላችንን ትምህርት አልሰማም። ግን ሳይቸገር መለሰ። «ቱፋ፣ ገበታው የኔ አይደለም እንዴ? እኩል ይበላሉ። አንተ ከቀናህ ሁለተኛ ዙር ትበላለህ።»

ኦቦ ቱፋ ቤቱን በሳቅ አናጉት። ከዚያ በሩ አጠገብ ወዳለው ልጅ በእጃቸው ምልክት ሰጡ። «ኮቱ፣ ኛዱ! ና፣ እዚህ አጠገቤ ሆነህ ብላ። ጅል ነህ፣ ግን ትሰማለህ።» በገዛ እጃቸውም አጎረሱት።

አንዱ ጓደኛው እየበላ ነገረን። ሞጆ ድረስ በጠዋት ደርሰው ነበር፤ ከዚያ የሚጭናቸው መኪና አጡ። ከአሰብ የሚመጡት የጭነት መኪኖች ሁሉ ወደ አዲስ አበባ ይታጠፋሉ። እየጠበቁ ቀትር ሲሆን ሁሉም እንመለስ አሉ፤ አሁን ብንደርስ መሳቂያ ነው የምንሆነው ብለው። ጌታሁን ግን በእግሩ መንገድ ጀመረ። «ጥሩወርቅ ደቦ ላይ መዘግየት እንደሚያሳፍር ነግራናለች» አላቸው። «እሺ፣ እናፍራለን። ጤፉ ግን ማፈራችንን አያውቅም።»

ያን ምሽት አባቴ ለብቻዬ ጠርቶ «ትጨርሻለሽ» አለኝ። ሌላ አልጨመረም። ጨረስኩ። እኔም ጌታሁንም አስተማሪዎች ሆንን፤ ከዓመታት በኋላ ተጋባን፤ ኦቦ ቱፋ ሠርጋችን ላይ ሆን ብለው አርፍደው መጥተው «ገና አስራ ሁለት አልሆነም» እያሉ ገቡ።

ብዙ ሊቃውንት አይቻለሁ። ስለሚያውቁት ነገር ሲናገሩ የሚያምርባቸው ብዙ ናቸው። ጌታሁን ግን ስለ አንድ አባባል የተናገረውን በቀጣዩ ወር በእግሩ ሄዶበታል። እንግሊዝኛው ውስጥ ትንሽ ፍርሃት አለ፤ በሩ ሊዘጋ ነው የሚል። እሱ ያንኑ ሰዓት ሲመለከት የሚታየው የተረፈው ብርሃን ነበር። የሕመሙ ጊዜ፣ አልጋው ላይ ሆኖ ስንት ሰዓት እንደሆነ ይጠይቀኛል። አስራ አንድ ስለው መጋረጃውን ክፈቺልኝ ይላል። እከፍትለት ነበር። እሱ ከሄደ በኋላ ግን እኔው ዘጋሁት።

ሊያ ታሪኩን ሰምታ ስልኳን መልሳ አነሣች። ከዚያ፣ ልጅ አይደለች፣ «እሺ፣ ፈተናው ላይ የቱን ልምረጥ?» አለችኝ።

«ጊዜው ሊያልፍ ጥቂት ሲቀረው የሚለውን ምረጪ። ልክ ነው። በሥዕሉ ግን አትተማመኚ።»

ፈተናዋን አለፈች። በማግስቱ ጓደኞቿም እንግሊዝኛ እንደከበዳቸው፣ እኔ ላስተምራቸው እችል እንደሆነ ጠየቀችኝ። ጡረታ ከወጣሁ ቆይቻለሁ፣ ጥቁር ለብሻለሁ፣ ለእኔ ጊዜው አልፏል ልላት አፌ ላይ ደርሶ ነበር። «በአስራ አንድ ሰዓት ይምጡ» አልኳት።

ዛሬ መጋረጃውን ከፈትኩ። የጌታሁንን ወንበር ወደ በረንዳ አወጣሁ፣ ሌሎችም ወንበሮች ከጎኑ ደረደርኩ። አስራ አንድ ሆነ፣ አለፈ፣ ማንም የለም። ፀሐይዋ ከጎረቤት ቆርቆሮ ጣሪያ ላይ ስትደርስ በሩ ተንኳኳ። ሊያና ሦስት ልጃገረዶች እያለከለኩ ቆመዋል።

«ይቅርታ እማማ፣ ባጃጅ አጥተን ነው። በጣም ዘገየን። ነገ እንምጣ?»

«ግቡ» አልኳቸው። «ገና አስራ ሁለት አልሆነም።»