ሟች የሌለው ለቅሶ

ባለፈው እሑድ ረፋድ ላይ፣ እዚህ አሶሳ፣ ከቤቴ ደጅ ካለው ማንጎ ሥር የመንደራችን ሰው ለቅሶ ተቀመጠ። የሞተ ሰው ግን አልነበረም... ለቀስተኛውን የጠራሁት እኔው ነበርሁ፤ ያውም ሳላውቅ።

ነገሩ እንዲህ ነው። ከጥቂት ቀናት በፊት ቀኝ ጎኔን እንደ ፍም የሚያቃጥል ሕመም ያዘኝ። ቀጥሎም ውኃ የቋጠረ ሽፍታ ከጀርባዬ ተነሥቶ እስከ እምብርቴ እንደ መቀነት ዞረ። ማንም ወደማያውቀኝ ክሊኒክ ሄድሁ። ሐኪሙ ልጄ የሚሆን ወጣት ነው፤ አንድ ጊዜ አየት አደረገና፣

«አባባ፣ ይህ አልማዝ ባለጭራ ነው» አለኝ።

ደነገጥሁ። ወደዚህ አገር የመጣሁት ክልሉ ገና ሲቋቋም ነው፤ በዚያ ዘመን ይህ ስም ሲነሣ ሰው ድምፁን ዝቅ አድርጎ «ያ በሽታ አለበት ማለት ነው» ይል ነበር፤ ኤድስን ማለቱ ነው። ሐኪሙ ግን ረጋ ብሎ አስረዳኝ፤ በልጅነት የያዘን የጉድፍ በሽታ በሰውነት ውስጥ ተኝቶ ኖሮ ዕድሜ ሲገፋ ይነሣል። መድኃኒት ሰጠኝና፣

«ሲሻልዎ ደግሞ እንዳይመለስብዎ የሚያግዝ ክትባት አለ። እዚህ ባይገኝ አዲስ አበባ ያጠያይቁ። ባለቤትዎም ቢከተቡ ጥሩ ነው» አለኝ።

«ያመጣው እርሱ ይመልሰዋል» አልሁት።

መልሴ የእምነት አልነበረም። ልጄ አዲስ አበባ ነርስ ናት፤ ክትባቱን ለማጠያየቅ የበሽታዬን ስም ለእርሷ መናገር ነበረብኝ። አዳም ኀፍረቱን በቅጠል ሸፈነ፤ እኔ በእግዚአብሔር ስም ሸፈንሁት።

ባለቤቴን ጥሩነሽንም «ማንም ቢጠይቅሽ ብርድ መታው በይ» ብዬ አዘዝኋት።

«አንቱ ሰው፣ ምኑ ያሳፍራል?»

«ብያለሁ፣ ብያለሁ።»

እሑድ ዕለት መቋሚያዬን ተደግፌ ሳስቀድስ፣ የነጠላዬ ጥለት ጎኔ ላይ እየተመላለሰ ቁስሉን ይፍቀኝ ጀመር። ሻካራው ጥለት ወደ አንገቴ እንዲሄድ፣ ለስላሳው ወገን ወደ ቁስሉ እንዲወርድ ገለበጥሁት። ሕመሙ ዐይኔን በእንባ ሞላው። ቅዳሴው እንዳለቀ ማንንም ሰላም ሳልል በጓሮ በር ወጣሁ።

ነጠላውን የዘቀዘቀ ሰው ሐዘንተኛ እንደ ሆነ ለሕፃናቱ የማስተምር እኔ መሪጌታው ነኝ! በዚያች ሰዓት ግን ከቁስሌ በቀር ያሰብሁት አልነበረም።

ጥሩነሽ ከቤተ ክርስቲያን በቀጥታ አራስ ልትጠይቅ ሄደች። እኔ ማስታገሻዬን ውጬ፣ ቁስሉ ልብስ ስለማያስነካ ከወገቤ በላይ ራቁቴን ተኛሁ።

በኋላ እንደ ሰማሁት፣ የእድራችን ዳኛ አቶ ሞላ «መሪጌታ መርዶ ደርሷቸው ነው፤ ነጠላቸውን ዘቅዝቀው ሲያለቅሱ በዐይኔ አይቻለሁ» ብሎ ሰው ሰብስቧል። አግዳሚ ወንበሩ መጥቷል፤ ንፍሮው ተቀቅሏል። የቀርቀሃውን በር አንኳኩተው መልስ ሲያጡ «ሐዘኑ ከብዷቸው ነው፣ እንተዋቸው» ተባብለው ከማንጎው ሥር ተቀመጡ።

በዚህ መካከል ጥሩነሽ ደረሰች። ቤት ውስጥ አገኛለሁ ያለችው የታመመ ባሏን ነው፤ በደጇ ያገኘችው ደግሞ ለቀስተኛ። ምን ብላ ትጠይቅ?

«መሪጌታዬን!» ብላ ደረቷን እየመታች ወደቀች። ለቀስተኛውም የሚያለቅስለትን ሳያውቅ አብሯት ጮኸ።

ጩኸቱ ቀሰቀሰኝ። ጥሩነሽን አንድ ነገር አገኛት ብዬ፣ እንደ ተኛሁ ዘልዬ ወጣሁ...

ራቁቴን። ያ ሁሉ ቁስል፣ ውኃውን እንደ ቋጠረ፣ በፀሐይ ፊት።

አንዲት ሴት አማተበች።

ጎረቤቴ አልበሽርም «አላህ የርሐሙ» ብሎ ለሟቹ ምሕረት ሊለምን መጥቶ ከአግዳሚው ጫፍ ተቀምጦ ነበር። የዚሁ አገር ሰው፣ የበርታ ብሔረሰብ ተወላጅ ነው። ተነሥቶ መጣና ጎንበስ ብሎ ጎኔን አየ። ከዚያ ጀላቢያውን እስከ ብብቱ ገልጦ የደረቀ ጠባሳውን አሳየኝ።

«ስማ መሪጌታ፣ ይሄ እኔም ነበረ። ወላሂ እሳት ነው! ለምን ደበቅህ? እኔ ጎረቤትህ አይደለም?»

«ብርድ ነው» ልል አፌን ከፈትሁ። ጥሩነሽ ከመሬት ቀና ብላ አየችኝ። ፊቷ በዐቧራና በእንባ ተለውሷል።

«አንቱ ሰው! ዛሬ ሞተውብኝ ቢሆን ኖሮ፣ በምን ሞቱ ሲሉኝ በብርድ ልበል? በሬሳዎም ላይ ልዋሽልዎ?»

መሬት ተከፍታ ብትውጠኝ በወደድሁ። ኢዮብ ዐመድ ላይ ተቀምጦ ቁስሉን በገል ሲፍቅ፣ ወዳጆቹም ሊያስተዛዝኑት ሲመጡ... ይህን ስንት ጊዜ አስተምሬአለሁ! እርሱ ግን «ብርድ ነው» አላላቸውም።

አቶ ሞላ ጉሮሮውን ጠረገ።

«እንግዲህ መሪጌታ... ሟች ከሌለ ንፍሮውን ምን እናድርገው?»

ከማንጎው ሥር ሳቅ ፈነዳ። ጥሩነሽ ግን አልሳቀችም።

ስልኬን አስመጥቼ፣ ሰው ሁሉ እየሰማ፣ ለልጄ ደወልሁ።

«አልማዝ ባለጭራ ይዞኛል። ክትባት አለው ይላሉ። ለእናትሽ አጠያይቂልኝ... እኔም ስድን እከተባለሁ።»

ያን የደበቅሁትን ስም በገዛ አፌ ጠራሁት።

«አባዬ፣ እኔ እያለሁ...» ብላ ቃሏን ሳትጨርስ ተወችው። ያ ያልተጨረሰ ቃል ከቁስሉ ይልቅ ጠዘጠዘኝ።

ጥሩነሽ ቀና ብላ ሳታየኝ ንፍሮውን በሳሕን አቀረበችልኝ። ለራሴ ለቅሶ የተቀቀለውን ዘገንሁ።

ጨው አንሶታል... ግን በዚያ ቀን የሌላውን ጉድለት ለመናገር ምን አፍ ነበረኝ።