ያልወረደችው የሮሳማ ኮከብ

ሰው ሁሉ ገና እስኪመጣ ቀን ይቆጥራል፤ ሮሳማ ደግሞ እንዳይመጣባት ትቆጥር ነበር። ለማንም ባትናገርም እኛ የኮታያም ጎረቤቶቿ ሁላችንም እናውቅ ነበር። አውቀን ዝም ማለታችን ዛሬም ያናድደኛል።

ነገሩ የባሏ የፓይሊ ነው። ፓይሊ ጎህ ሳይቀድ ተነስቶ የጎማ ዛፍ እየበጣ ወተቱን የሚሰበስብ፣ ሥራ የማይፈራ ደህና ሰው ነው፤ የኮኮናት ጠላ እስካልቀመሰ ድረስ። ከቀመሰ ግን አያድርስ ነው። ይጮኻል፣ ሳህን ይወረውራል፣ የሞተች እናቷን ሳይቀር እየጠራ ይሰድባታል። ሮሳማ የሸክላ ሳህን መግዛት ከተወች ሃያ ዓመት ሆኗት ነበር፤ ቤቷ ያለው ሁሉ ብረት ነው። አንዲት ልጃቸው ሊሲም ካገባች ወዲህ ለገና ድርሽ ብላ አታውቅም። እናቷን የምትጠይቀው በጾሙ መሀል ነው።

በጾሙ ጊዜ ፓይሊ ሌላ ሰው ነዋ። በተጋቡበት ዓመት፣ ከገና በፊት ያለው የሃያ አምስት ቀን ጾም የገባ ዕለት፣ እንደ ሰፈሩ ሁሉ የወረቀት ኮከብ በረንዳው ላይ ሰቀለና፣ «ይቺ ኮከብ ቤቴ ላይ እስካለች ጠላ ባፌ አይዞርም» አለ። አለ፣ ጠበቀም። ሠላሳ አራት ዓመት ሙሉ አንድም ቀን ቃሉን አላጠፈም። ሥጋና ዓሣውን ትቶ፣ የተቀቀለ ካሳቫውን በቃሪያ እየበላ ሮሳማን በሳቅ ያፈርሳታል። ማታ አብረው ይጸልያሉ። ሃያ አምስቱን ቀን እንደ አዲስ ሙሽራ ትኖራለች።

ችግሩ የገና ጠዋት ነው። ፓይሊ ከቅዳሴ ሲመለስ ጫማውን እንኳ ሳያወልቅ ዱካ ላይ ወጥቶ ኮከቧን ያወርዳታል። ሌላው ሰው እስከ ጥምቀት ያቆያል፤ የእነሱ ግን ቁርስ ሳይደርስ አልጋ ሥር ትገባለች። ከዚያ ወደ ጠላ ቤት።

ካቻምና ጾሙ ሲገባ ሮሳማ አንድ ነገር አደረገች። ረጅም መሰላል ይዞ ቁንዶ በርበሬ ሊለቅም የመጣውን የቀን ሠራተኛ ኮራን ለምና፣ ኮከቧን ደጃፉ ላይ ካለው ማንጎ አናት ላይ አሰቀለቻት። ፓይሊ ከሥራ ሲመለስ ቀና ብሎ አየ።

«ምነው እዚያ ላይ?»

«ከመንገድ እንድትታይ ብዬ ነው፣ ጋሼ።»

«ጥሩ አሰብሽ» አለና ገባ። ሮሳማ ሩዟን መልቀም ቀጠለች።

ገና ደረሰ። ፓይሊ ከቅዳሴ ተመልሶ ዱካውን አውጥቶ ዛፉ ሥር ቆመ። ዱካው የት ይደርሳል? ዛፍ እንዳይወጣ ጉልበቱ ከከዳው ቆይቷል። ዙሪያውን ዞረ፣ ቀና አለ፣ እንደገና ዞረ። ይህን ጊዜ የጠላ ቤት ጓደኛው ማታይ በሞተር ሳይክሉ በሩ ላይ ደረሰ።

«አንተ ፓይሊ፣ ጾም ተፈታ እኮ። ምን ትገተራለህ?»

«ኮከቧ አልወረደችም።»

«ታዲያ እኛ የምንጠጣው ከኮከብ ጋር ነው? ና ውጣ ባክህ።»

«ቃሌ ነው፣ ማታይ።»

ፓይሊ ዞር ሲል ሮሳማን ወጥ ቤቱ በር ላይ አያት። መቃኑን ሙጭጭ አድርጋ ይዛለች።

«አንቺ፣ አውቀሽ ነው እዚያ ያሰቀልሻት?»

መዋሸት ትችል ነበር። «አዎ፣ አውቄ ነው» አለች። «ሰው ጌታ እስኪወለድ ይጠብቃል። እኔ የምጠብቀው እርስዎ እስኪጠፉብኝ ነው። ሠላሳ አራት ገና ፈራሁ፣ ጋሼ። አሁንስ ደከመኝ።»

ፓይሊ መሬት መሬት አየ። እኔ ከአጥሩ ማዶ ሆኜ አየው ነበር፤ ጎልማሳ ሰው እንደዚያ ሲያፍር አይቼ አላውቅም። ከዚያ ዱካውን አነሳ።

«ሂድ ማታይ፣ አቆየሁህ» አለ። ለሚስቱ ደግሞ፣ «ዳክዬው ደርሷል?»

በሉ። ሮሳማ የዳክዬውን ወጥ ጣዕም አላወቀችውም፤ ጆሮዋ በሩ ላይ ነበር። በማግስቱም፣ በሳምንቱም ጆሮዋ በሩ ላይ ነበር። ጥምቀት አለፈ፣ ፋሲካ አለፈ፣ ኮከቧ ማንጎው ላይ ናት። መንደሩም መሳቂያ አገኘ። ጎረቤቷ ሴሊና፣ «እትዬ ሮሳማ፣ እናንተ ቤት ጌታ ስንት ጊዜ ነው የሚወለደው?» ትላታለች። ሮሳማ አብራ ትስቃለች፤ ልቧ ግን አላረፈም።

ክረምቱ ገባ። አንድ ጠዋት ብትወጣ ዝናቡ ወረቀቱን ሙልጭ አድርጎ ወስዶ፣ የቀረው የቀርከሃ አጥንት ብቻ ነው። ኮከብ ይባላል ይሄ? ፓይሊም አየ። ጥላውን ይዞ ወደ መንታ መንገዱ ወረደ። ጠላ ቤቱ ያለው እዚያው ነው።

ሮሳማ ሳህኖቹን ሰብስባ አልጋ ሥር ከተተች። አልጋው ጫፍ ላይ ተቀምጣ ጠበቀች። አንድ ሰዓት፣ ሁለት ሰዓት። አበቃልኝ አለች በሆዷ።

የበሩ መዝጊያ ሲንቋቋ ወጣች። ፓይሊ ብስብስ ብሎ ቆሟል፣ ከኋላው ኮራ መሰላሉን ተሸክሞ። ፓይሊ ከሸሚዙ ሥር ጥቅል ላስቲክ አወጣ።

«ለኮከቧ ወረቀት አይበረክትም ብዬ ነው» አለ። «ከቀይ ሌላ ቀለም አጣሁ። ኮራን ደግሞ ስፈልገው ነው የቆየሁት።»

ሮሳማ እፎይ ብላ፣ እዚያው ዝናቡ ውስጥ ቆማ አለቀሰች፤ ኮራ እንዳላየ ሆኖ መሰላሉን ዛፉ ላይ አስደገፈ። ከዚያ ገብታ ሳህኖቹን ከአልጋ ሥር አወጣችና ለሦስት ሰው ምሳ አቀረበች። በሳምንቱ ከተማ ወርዳ ስድስት የሸክላ ሳህን ገዝታ መጣች።