ኮምፒውተሩ እሺ ያለ ቀን

ክረምቱን ሙሉ እምቢ ያለኝ ስሌት ዛሬ ከሰዓት ሠራ። ደስ ግን አላለኝም።

የመመረቂያ ሥራዬ የኩልፎ ወንዝን ጎርፍ በኮምፒውተር ማስላት ነው። ወንዙን በሦስት ማዕዘን መረብ እከፋፍለዋለሁ። ወንዝ ወጥ ቅርጽ ስለሌለው መረቡም መልክ የለውም፤ ዳር ዳሩ ላይ ሦስት ማዕዘኖቹ ቀጫጭን ናቸው።

ችግሩ እዚያ ነበር። በመረቡ እያንዳንዱ ነጥብ ላይ ያለው የውሃ ከፍታ የጎረቤቶቹን የቀድሞ ቁጥር እያየ ለብቻው ይታረማል። አንዱ ያቀናውን ሌላው ያበላሸዋል፤ ቁጥሮቹ ከልክ አልፈው ስሌቱ ይፈነዳል። (እኔም አብሬው።)

የቢሮ ባልደረባዬ የኦቾሎ መንደር ልጅ ነው። ትናንት ስክሪኔን አይቶ ሳቀ። "እኛ ጋ የተጣላ ጎረቤት በየቤቱ እየዞርሽ አታስታርቂም። ዱቡሻ ላይ፣ የሽማግሌዎች መሰብሰቢያው ላይ፣ ሁሉንም አንድ ላይ ታስቀምጫለሽ፤ ሳይስማሙ ማንም አይነሳም። ነጥቦቹንም አንድ ላይ ፍቻቸው፤ ኢምፕሊሲት አድርጊው።"

ዛሬ የዳሮቹን ነጥቦች አንድ ላይ እንዲፈቱ አደረግኩ። በወንዙ ሁሉ የተዘረጋውን የቀረ ስህተት ደግሞ በላዩ የደረብኳቸው ዓይነ ሰፋፊ መረቦች ጨረሱት። እያንዳንዱ ዙር ቢዘገይም ስህተቱ ወረደ፣ ወረደ፣ ጠፋ።

መልሱ፦ ትልቅ ጎርፍ ከመጣ ውሃው የጋሽ ኦይቻ ሙዝ ማሳ ውስጥ ይገባል።

ጋሽ ኦይቻ አከራዬ ናቸው። በየጠዋቱ "ኮምፒውተሩ እሺ አለ?" ይሉኛል። "እምቢ አለ" ስላቸው "አይዞሽ" ብለው ከዚያው ሙዝ ያቀብሉኛል።

አሁን ስገባ በር ላይ ጠየቁኝ። "እሺ አለ" አልኳቸው።

"እግዚአብሔር ይመስገን" ብለው ከወትሮው የሚበልጥ ዘለላ ሰጡኝ። ጠረጴዛዬ ላይ ነው፤ መብላት አቃተኝ። ነገ ጠዋት እነግራቸዋለሁ።

የለፋችሁበት መልስ መጥቶ "ምነው በቀረ" ያላችሁ ካላችሁ፣ እስቲ እንዴት እንደተናገራችሁት ጻፉልኝ።