ከመርዶ በፊት የተጠመቀ ጠላ

እህቴ በምትሠራበት መሥሪያ ቤት አንድ ጊዜ ስለ ሰው ባህርይ የሁለት ቀን ሥልጠና ተሰጥቶ ነበር። አሠልጣኙ ጥያቄ የሞላበት ወረቀት አደለ፤ ሠራተኛው መልሱን አክብቦ ሲጨርስ የየራሱ ባህርይ ተነገረው። እህቴ «ጠባቂ» የሚባለው ዓይነት ሆና ተገኘች። ባልደረቦቿ «ጠባቂ ማለት ዘበኛ አይደል እንዴ? እንግዲህ መዝገብ ቤቱን ለቀሽ በር ላይ ቁሚ» እያሉ ሳምንቱን ሙሉ ቀለዱባት። በስልክ ስትነግረኝ እሷም ትስቅ ነበር።

ወረቀቱን በኋላ እንጅባራ ስሄድ አየሁት። ብዙ ዓመት በጋዜጠኝነት ስለሠራሁ የተጻፈ ነገር ሳገኝ ከማውቀው ጋር ማመሳከር ልማድ ሆኖብኛል። «ዝርዝር ነገር አይረሳም» ይላል። እውነት ነው። ከፋግታ ገጠር የመጡ ሽማግሌ የመሬት ፋይላቸው ጠፋ ተብለው ሲመለሱ፣ ሽፋኑ ላይ የነበረውን የዘይት ጠብታ አስታውሳ ከማይገባው መደርደሪያ ውስጥ ያወጣችው እሷ ናት። «ለውጥ አይወድም» ይላል። አባታችን ከሞተ ወዲህ እሷና እናታችን በሚኖሩበት ቤት አልጋው ስንዝር አልተንቀሳቀሰም። «የሌላውን ሸክም ይሸከማል፤ የራሱን ስሜት ይደብቃል፤ ግጭት ይሸሻል» የሚለውም ልክ ነው። ማን ቃሪያ እንደማይስማማው፣ የማን ልጅ መቼ እንደሚፈተን የምታውቅ ሴት፣ እሷን ምን እንደሚያማት የሚያውቅ ሰው አልነበራትም። እኔም አላውቅም ነበር።

ወረቀቱ ያላለው አንድ ነገር ነበር። እንዲህ ያለ ሰው ሁለት ግዴታ ሲጋጭበትና አንዱን መተው ሲያቅተው ምን እንደሚያደርግ አይናገርም። ያን ያየሁት ትንሹ ወንድማችን የሞተ ጊዜ ነው።

ወንድማችን ጃዊ ቆላ ውስጥ አስተማሪ ነበር። በዚያ ዓመት የተማሪ ምዝገባ አለብኝ ብሎ ለመስቀል አልመጣም። ወባ ያዘው፤ በአራተኛው ቀን ሞተ። መንገድ ተዘግቶ ስለነበር ሬሳውን ማምጣት አልተቻለም። ባልደረቦቹና ጎረቤቶቹ እዚያው ቀበሩት። ለእህቴ ተደወለላት፤ እሷ ደግሞ ባሕር ዳር ለእኔ ደወለች። የተናገረችው ጥቂት ነው። ወንድማችን ትናንት በተክለ ሃይማኖት ዕለት እንደሞተ፣ እዚያው እንደተቀበረ፣ እማ እንዳልሰማችና እንዳትሰማ ነገረችኝ።

እናታችን በዚያ ክረምት ደም ግፊት ጥሏት፣ ቀኝ እጇና እግሯ ደክመው ገና ማገገሟ ነበር። ሐኪሙ ከድንጋጤ እንድንጠብቃት አዝዟል። መርዶ ደግሞ በእኛ አገር እንደ ዜና አይነገርም። ዘመድ ተሰብስቦ ሽማግሌ ተመርጦ፣ ንጋት ላይ ተሂዶ ነው የሚረዳው፤ ሐዘንተኛው ደካማ ከሆነ አቅም እስኪያገኝ ይቆያል። እህቴ የንስሐ አባታችንን አማከረች። እሳቸውም ሐኪሙ እስኪፈቅድ ይቆይ አሉ።

እኔ ተቃወምሁ። እናት የልጇን ሞት የማወቅ መብት አላት፤ አንድ ቀን የዘገየ እውነት ሁለት ጊዜ ይጎዳል አልኋት። እስክጨርስ ሰማችኝና አንድ ነገር ብቻ መለሰች።

«አንተ ወሬውን ታያለህ። እኔ እሷን ነው የማየው።»

ተሸነፍሁ። ያላረጋገጥሁትን ነገር ጽፌ አላውቅም፤ ለእናቴ ግን በሳምንት ሁለት ጊዜ እየደወልሁ ጃዊ ኔትወርክ እንደሌለ፣ በሰው በሰው ግን ደኅና ነው መባሉን መንገር ጀመርሁ። ኔትወርኩ በእርግጥም ብዙ ቀን አይሠራም ነበር። ውሸቱን ያቀለለልኝ ይህ ነው።

እህቴ ቢሮ ጥቁር ለብሳ ትውላለች። ማታ ከባጃጅ ወርዳ ጎረቤት ቤት ትገባና ጥቁሩን አውልቃ፣ ጥለት ያለው ነጠላዋን አጣፍታ ወደ ቤት ትሄዳለች። ጠዋት ደግሞ በተቃራኒው። የባጃጁ ሾፌር ያውቃል፤ ወተት የሚያመጡት ሴትዮ ያውቃሉ፤ የሰፈሩ ሕፃናት እንኳ ተነግሯቸዋል። ከቀርቀሃው አጥር ውስጥ ሆና የማታውቀው እናቴ ብቻ ነበረች። ልትጠይቃት የምትመጣ ሴት ሁሉ በሩ ላይ ፊቷን ጠርጋ ትገባለች።

እንዲህ እንዳለን አርባው ደረሰ። ሐኪሙ ገና አልፈቀደም። ተዝካር ደግሞ ቀን አይጠብቅም። እህቴ ተዝካሩ ዳንግላ፣ በእናቴ ታናሽ እህት ቤት እንዲሆን አደረገች። ለእናቴ የተነገራት አክስታችን የኅዳር በዓታ የጽዋ ማኅበር ተራ ደርሷት ድግስ አለባት ተብሎ ነው። ጠላው ግን የሚጠመቀው እንጅባራ፣ እናቴ ቤት እንዲሆን የወሰነችው እህቴ ናት።

በዚያ ሳምንት ሄጄ ነበር። እናቴ አልጋው ጠርዝ ላይ ተቀምጣ፣ ከአዲስ ቅዳም ገበያ የመጣውን ጌሾ በግራ እጇ ቅጠሉን ከእንጨቱ ትለያለች። ከታመመች ወዲህ ሥራ ስትሠራ ሳያት የመጀመሪያዬ ነው። ፊቷ በርቷል። ይህ ብቅል አነሰ፣ ያ አሻሮ አረረ እያለች ታዝዛለች። በታናሽ እህቷ ትቀልዳለች።

«የሷ ጠላ ውኃ ነው፤ ማኅበርተኛው ቤቱ ሲደርስ የሚጠማው በሷ ተራ ነው። ዘንድሮ ግን በእኔ እጅ ትከበራለች።»

ጌሾውን የምትወቅጠው ጎረቤት ሳቀች፤ ከዚያ ወደ ጓሮ ወጣች። ቶሎ አልተመለሰችም።

ጠላው ደርሶ ወደ ዳንግላ በጀሪካን ሲገለበጥ እናቴ ቀመሰችው። አጣጥማ ራሷን ነቀነቀችና ወደ እህቴ ዞረች።

«ለዚያ ልጅ አንድ ጆግ አስቀሪለት። ቆላ ውስጥ እንዲህ ያለ አያገኝም፤ ሰሞኑን መምጣቱ አይቀርም።»

«እሺ፣ እማ» አለች እህቴ። ጆግ አምጥታ ቀዳች፤ ከደነችና አስቀመጠች።

በኋላ ጓሮ አግኝቻት ለምን እንዲህ እንዳደረገች ጠየቅኋት፤ ጠላ እኮ ዳንግላም ይጠመቃል። ጋኑን እያጠበች ነበር፤ ቀና አላለችም።

«እናቱ እጇን ያላስገባችበት ተዝካር ምን ተዝካር ነው? ነገ ስትሰማ ለልጄ ሳልደርስለት ቀረሁ ትላለች። ያኔ እጅሽ አለበት እላታለሁ።»

እናትን ከሐዘኑ መጠበቅ አንድ ግዴታ ነው፤ እናትን ከልጇ ተዝካር አለማጉደል ሌላ ግዴታ ነው። እህቴ ሁለቱንም በአንድ ጋን ልትወጣ ሞከረች። በዚያን ሰዓት ትክክል መሰለኝ። ተዝካሩ ዳንግላ ተደረገ፤ ፍትሐቱ ደረሰ፣ ካህናቱና ነዳያኑ በሉ ጠጡ። እህቴ ከማጀትና ከዳሱ መካከል ስትመላለስ ውላ አንድ ጊዜም አልተቀመጠችም።

ሐኪሙ በታኅሣሥ ፈቀደ። አንድ ንጋት የንስሐ አባታችን፣ ሁለት ሽማግሌዎች፣ አክስታችንና እኔ ገባን። ቀድመን የተስማማንበት ነገር ነበር። የሞተበት ቀን ለጊዜው አይነገር፤ ከቆጠረች የጠላውን ነገር ትደርስበታለች። ካህኑ ከመጽሐፍ ጀምረው፣ አዳም እንኳ መሞቱን አንስተው ቀስ እያሉ አደረሱት። እናቴ አልጮኸችም። እየተደጋገፍን የገባን ጊዜ ገብቷት ነበር መሰለኝ።

«መቼ?» አለች።

«እግዚአብሔር በፈቀደው ቀን ነው፣ እናቴ። እርስዎ ይጸልዩለት» አሉ ካህኑ።

ወደ እኔ ዞረች። «አንተ ቀን አታሳስትም። መቼ ነው?»

ሽማግሌዎቹ መሬት መሬት አዩ። ለሦስት ወር ያህል ስዋሽ ቆይቻለሁ፤ አንድ ቀን አሳስቼ መናገር አያቅተኝም ነበር። ግን ተጠየቅሁ፤ መለስሁ።

«መስከረም። በተክለ ሃይማኖት ዕለት።»

እናቴ ማንበብ አትችልም፤ ቀን የምታውቀው በታቦት ነው። በግራ እጇ ጣቶች መቁጠር ጀመረች። ሚካኤልን አለፈች፣ ጊዮርጊስን አለፈች፣ ልደታን ተሻገረች፣ አርባው በዓታ ላይ ሲሞላ ቆመች። እህቴ በር ላይ ንፍሮ የያዘ ሰፌድ ይዛ ቆማለች።

«የልጄን ተዝካር እየሳቅሁ አስጠመቅሽኝ» አለቻት እናቴ። «አስቀሪለት ስልሽ፣ እሺ አልሽኝ።»

ከዚያ በኋላ ነው ያለቀሰችው። በትውልዷ ቋንቋ፣ በአውኝኛ አለቀሰች። በልጅነቷ በገጠር የሰማችውን፣ እኛ ልጆቿ ግማሹን ብቻ የምንሰማውን ለቅሶ። እህቴ እጅሽ አለበት እላታለሁ ያለችውን አላለችም። ንፍሮውን ለለቅሰኛው አዞረች።

ሦስቱ ቀን አለፈ። ለቅሰኛው ሲሳሳ እናቴ የእህቴን እጅ እንደማትቀበል ገባኝ። ውኃ ስታቀርብላት ፊቷን ወደ ግድግዳ ታዞራለች። ክኒኗን ከእኔ እጅ ብቻ ትወስዳለች። ሽማግሌዎቹ ገብተው፣ ለእርስዎ ብላ እኮ ነው፣ ለጤናዎ ፈርታ ነው አሏት። እናቴ ይህን አውቃለሁ አለች። ማወቋ ግን ምንም አልለወጠም። እህቴም አልተከራከረችም፤ የወጡን ጨው ቀንሳ ሠርታ በጎረቤት እጅ ትልክላታለች።

ስለ ራሴ የማውቀው ይህን ነው። የተናገርሁት ቀን ትክክል ነበር። እህቴ ግን ካህኑም ሽማግሌዎቹም ሊሰጧት የተስማሙትን ሽፋን አጣች። ትክክል መሆኔን ብዙ ጊዜ አስቤበታለሁ፤ አንድ ቀንም አላኮራኝም።

በስምንተኛው ቀን ወደ ሥራ ልመለስ ሆነ። ክኒን የሚሰጣት ሰው ያስፈልግ ነበር። እህቴ ጎረቤታችንን ጠርታ፣ ነጩ ጠዋት፣ ሮዙ ከእራት በኋላ እያለች በወረቀት እየጠቀለለች ታስረዳታለች። የራሷን ቦታ ለሌላ ሰው ታስረክብ ነበር፤ ያውም ሳትሳሳት። እናቴ ከአልጋው ላይ ሆና ስታያት ቆየች። ጎረቤታችን ስትወጣ ከመርዶው ወዲህ ለመጀመሪያ ጊዜ አናገረቻት።

«አንቺ የት ነው ያለቀስሽው?»

እህቴ ወረቀቱን ማጠፏን አላቋረጠችም። «ቢሮ። የድሮ ፋይል ክፍል።»

«ከማን ጋር?»

«በምሳ ሰዓት ሰው አይገባም» አለች። ከዚያ እጇ ቆመ። «ወንድሜ ነው እኮ፣ እማ። የእኔም ነው።»

ስለ ራሷ ስትናገር ሰምቻት አላውቅም። እናቴ በደከመው ቀኝ እጇ አልጋውን መታ መታ አደረገች።

«ነይ ተቀመጪ። ከመጀመሪያው ንገሪኝ።»

እህቴ እንደ እንግዳ ጠርዙ ላይ ተቀመጠችና ነገረቻት። ማን እንደደወለ፣ በስንት ሰዓት፤ ትኩሳቱ በየትኛው ቀን እንደጠናበት፤ የታጠበበትን ውኃ የትኞቹ ተማሪዎች ከወንዝ እንደቀዱ። የተገነዘበት ጋቢ የቤት አከራዩ አዲስ ጋቢ እንደነበረ። የመቃብሩ አፈር ጥቁር ሆኖ ዝናቡ ካቆመ ወዲህ እንደተሰነጠቀ፤ ከአንድ ዋርካ ሥር መሆኑን። ኔትወርክ በመጣ ቁጥር እየደወለች ለእናቷ አንድ በአንድ ሰብስባ ይዛላት ኖሯል። እኔ ከዚህ አንዱንም አላውቅም ነበር። ቀኑን ብቻ ነው የጠየቅሁት።

«ያለቀሰለት ሴት ነበረች?» አለች እናቴ።

«ወተት የምትሸጥለት አንዲት ሠፋሪ አሮጊት ነበረች። ሙስሊም ናት። ራስጌው ተቀምጣ ልጄ እያለች አለቀሰች አሉኝ።»

«ሌላስ ምን ብላ?»

«አልጠየቅሁም» አለች እህቴ። «እሱን አልጠየቅሁም፣ እማ።»

«ጠይቂልኝ።»

እህቴ ራሷን በአዎንታ ነቀነቀች። ከዚያ ክኒኑን ገና እንደያዘች፣ በእናቴ ጉልበት ላይ ፊቷን ደፋች።