የፒክአፑ ራዲያተርና የእትዬ ፍራሽ

ወንድሜን እስከ ዛሬ ይቅር አላልኩትም። ምክንያቱን ስናገር ሰው ይስቃል። «በራዲያተር?» ይሉኛል። አዎ፣ በራዲያተር!

አባባ ጉልበታቸውን ካመማቸው ወዲህ አገራቸው ሄደው አያውቁም። ከላምበረት የሚነሳው አውቶብስ አስፋልቱ ዳር ያወርድና መንገዱን ይቀጥላል፤ ከዚያ ወዲያ ድንጋይና ወንዝ ነው፣ በእግር። እዚያ ደግሞ ታላቅ እህታቸው አለች። እናታቸው ስትሞት አዝላ ያሳደገቻቸው እሷ ናት፤ ይህን ያህል አርጅተውም «እትዬ» ነው የሚሏት። ታመመች ተባለ። ወንድሜ አሮጌ ፒክአፕ ገዝቶ መጣና «አባባ፣ ገደል የሚወጣ መኪና ሠርቼ ደጇ ድረስ አደርስዎታለሁ» አለ።

አራብሳ ኮንዶሚኒየም፣ ከብሎካችን ጎን፣ ሥራው ተጀመረ። የመኪናው ሞተር ደከመ ብሎ ከጭነት መኪና የወጣ ትልቅ ሞተር ከተተበት። ሞተሩ ገባ፤ የሞተሩን ውኃ በነፋስ ለሚያቀዘቅዘው ራዲያተር ግን ቦታ ጠፋ። ከፊት ይሁን ከተባለ አፍንጫውን ቆርጦ ወደ ውጭ ማስረዘም ነው። ከኋላ ከሆነ ደግሞ ጭነት ቦታው ላይ፣ ከጋቢናው ጀርባ አቁሞ፣ ውኃውን በረጅም ቱቦ ማመላለስ።

እኔ ፊት አልኩ፣ እሱ ኋላ አለ። በቃ፣ ተያዝን!

«ፊት ከሆነ ድንጋይ ይበሳዋል» ይላል። «ኋላ ከሆነ ቱቦው ከመቀመጫ ሥር አልፎ አባባን ይቀቅላቸዋል» እላለሁ። ቦሌ ለሚ ፋብሪካ የስፌት ማሽን ነው የምጠግነው፤ ይህን እያነሳ «እሙዬ፣ ይሄ እኮ የልብስ ስፌት መኪና አይደለም» ይለኛል። ከዚያ ስልኩን አፍንጫዬ ሥር ይደቅናል፤ በረሃ ላይ አቧራ እያቦነነ የሚበር የፈረንጅ መኪና፣ ራዲያተሩ ኋላ። «አየሽ? አየሽ?» ብየዳው ሲጀመር መብራት ይጠፋል፣ መብራት ሲመጣ ክርክሩ እንደ አዲስ ይጀመራል። አባባ በየቀኑ የፕላስቲክ ወንበራቸውን ይዘው ይወርዱና «ደረሰ?» ይላሉ። «ነገ ነው አባባ» እንላቸዋለን፣ ሁለታችንም፣ ዓይናችንን በጨው አጥበን።

በመጨረሻ እሱ አሸነፈ። የገዛው እሱ ነው፣ ምን ላድርግ! ኋላ ተሰቀለ፣ ነፋስ የሚስብለት ሁለት ፋን ተገጠመለት። እስከ ላምበረት ወስደን መለስነው፤ ምንም አልሞቀም። ወንድሜ ደረቱን ነፋ፤ ያን ቀን አታናግሩኝ አልኩ።

የምንሄድ ዕለት ጠዋት ዘመድ መጣ። አገር ቤት መኪና ሊሄድ ነው ከተባለ አራብሳ ውስጥ ዘመዳችን ያልሆነ ማን አለ? አንዱ ዘይት በጀሪካን፣ አንዱ ስኳር በማዳበሪያ፣ አንዷ ለእናቷ ብርድ ልብስ፤ ሁሉም «እግረ መንገዳችሁን» እያለ። እምቢ አይባል ነገር! ባዶ መኪና ይዞ አገር የገባ ሰው ስሙ በክፉ ከሰው አፍ አይወርድም። አባባም ትልቅ የስፖንጅ ፍራሽ አስገዝተው አመጡ። «እትዬ መደብ ላይ ነው የምትተኛው፣ ጎኗ ተላላጠ» አሉ። ፍራሹን ነፋስ እንዳይገለብጠው ከጋቢናው ጀርባ አቆምነው። ወንድሜ አንዱን ጫፍ፣ እኔ ሌላውን ይዘን ጥርቅም አድርገን አሰርነው። በላዩ ላይ ማዳበሪያውን አስደገፍንበት።

ስንትና ስንት ጊዜ የተከራከርንበት ነገር! ስለ ድንጋይ ተከራከርን፣ ስለ ጭቃ፣ ስለ ሙቀት፣ ስለ መልኩ ሳይቀር። ይህ አገር የፒክአፕ ጀርባ ባዶውን የማይሄድበት አገር መሆኑ ለአንዳችንም ትዝ አላለንም። እዚያ ስልኩ ላይ ያለው ፈረንጅ የጫነው አንድ ውሻ ነው!

ዳገቱ ሲጀምር ሞተሩ ጋለ። ቆመን አቀዘቀዝነው፣ ሄድን፣ እንደገና ጋለ። ወንድሜ ፊውዝ ያያል፣ ቱቦ ይነካካል፣ ሰው ሊያማክር ኔትወርክ ፍለጋ ጉብታ ላይ ይወጣል። አባባ ከጋቢናው ሳይወርዱ ከዘራቸውን ጨብጠው ዳገቱን ያያሉ። እኔ የውኃውን ጀሪካን ላወጣ ገመዱን ስፈታ ፍራሹ እጄን ፈጀኝ። ከራዲያተሩ ጋር ተጣብቋል፤ ለነፋስ ማለፊያ የምትሆን ቀዳዳ የለም። አንዱ ፋን ተቃጥሏል።

ጮኽኩ። ምን እንዳልኩት አልደግመውም፣ መንገደኛ ሁሉ ቆሞ ሰምቷል። እሱ ደግሞ «አብረሽኝ አስረሽ የለም እንዴ!» አለኝ። እውነቱን ነው፤ እውነቱን መሆኑ ይበልጥ አናደደኝ።

ፍራሹን ጣሪያው ላይ ጫንነው፣ ግን ባንድ ፋን እየቆምን እየተነሳን መሽቶብን አንዲት ትንሽ ከተማ አደርን። ማታ ከአገር ቤት ተደወለ፤ «አክስታችሁ ‹ወንድሜ የት ደረሰ?› እያለች ትጠይቃለች፣ ቶሎ በሉ» አሉን። አባባ ጫማቸውን ሳያወልቁ አልጋው ጫፍ ላይ ተቀምጠው አነጉ።

በማግስቱ ስንደርስ ሰው ከእትዬ ቀብር እየተመለሰ ነበር። መኪናው እንደተባለው ገደሉን ወጥቶ፣ ወንዙን ተሻግሮ፣ በትክክል ደጇ ላይ ቆመ። ሴቶቹ ፍራሹን ከጣሪያው አወረዱና ለሐዘንተኛ አነጠፉት። አንድ ጎኑ በሙቀት ተጨማትሯል። አባባን ደግፈው እሱ ላይ አስቀመጧቸው።

በሦስተኛው ቀን ወንድሜ አጠገባቸው ተንበርክኮ፣ ዓይኑ አብጦ «አባባ፣ ስንመለስ ራዲያተሩን ወደ ፊት አመጣዋለሁ» አላቸው። ቀና አላሉም። የፍራሹን የተጨማተረ ጎን በመዳፋቸው እያሻሹ፣ «አሁንማ የፈለጋችሁበት ስቀሉት ልጄ» አሉት።