የእናቴ ጋቢ በቀበና ዳር

እኛ ቤት ምግብ የሚበላው በር ተዘግቶ ነበር። እናቴ ሲበላ የታየ ሰው በክፉ ዓይን ይታመማል ብላ ታምናለች፤ ባዕድ ፊት ቆሎ እንኳ ስትቆረጥም ያያት የአራዳ ሰው የለም። ጎረቤታችን አርመኗ ልብስ ሰፊ «እሑድ እሑድ ወንዝ ዳር ወርደን፣ ሣር ላይ ቁጭ ብለን እንበላለን» ስትላት እናቴ አማተበች።

ያን ሰሞን ግን ቤታችን ጭንቅ ገብቶ ነበር። ታላቅ እህቴ ከንዳድ ተርፋ እህል አልቀምስ አለች። ትኩሳቱ ለቋታል፤ ጉርሻ ወደ አፏ ሲጠጋ ግን ፊቷን ወደ ግድግዳ ታዞራለች። ከመክሳቷ የተነሣ አምባሯ ከእጇ እየሾለከ ይወድቅ ነበር። ልናጣት ነው ብዬ ፈራሁ፤ ማንም ግን ደፍሮ አይናገረውም።

አንድ እሑድ ረፋድ ላይ ኮርቻ ሰፊው አባቴ በቅሎውን ጫነና «ቀበና እንውረድ፤ ነፋስ ይንካት» አለ።

«ምን ነካዎ? ሜዳ ላይ ልናበላት?» አለች እናቴ። ይህን እያለች አገልግሉን በእንጀራና በአልጫ ሞልታ፣ ትልቁን ጋቢ ትከሻዋ ላይ ጣል አድርጋ ከሁላችን ቀድማ ወጣች። እናቴ እንዲህ ናት፤ እየተቆጣችም ትሠራለች።

ቀበና ያን ቀን እንዴት ያምር ነበር! ክረምቱ አልፎ ውሃው ጠርቷል፤ ዳር ዳሩን አደይ አበባ ሞልቶታል። አባቴ እህቴን ከበቅሎ አውርዶ ድንጋይ ላይ አስቀመጣት። እግሯን ውሃው ውስጥ ስትነክር «ውይ፣ ሲቀዘቅዝ!» ብላ ሳቀች። ሳቋን ከሰማን ቆይቶ ነበርና እኔም በደስታ ቀሚሴን ሰብስቤ ገባሁ፤ ተንቦጫረቅን።

እናቴ አገልግሉን ከፈተችና ጋቢውን በሁለት እጇ ወጥራ እንደ መጋረጃ ቆመች። በወንዙ መሻገሪያ ላይ ከቤተ ክርስቲያን የሚመለሰው ሰው ይተላለፋል፤ ቆም ብሎ የሚያየንም አልጠፋ። እንጀራውን ጠቅልዬ ሳቀርብላት እህቴ እንደ ልማዷ ፊቷን አዞረች።

«እማዬ፣ ወንዙን ጋረድሽብኝ» አለች ቀስ ብላ።

እናቴ መሻገሪያውን አየች፤ እህቴን አየች። ከዚያ ጋቢውን አውርዳ ሣሩ ላይ አነጠፈችው። ፊቷን ወደ መንገደኛው አዙራ ተቀመጠችና ትልቅ ጉርሻ ጠቅልላ ራሷ ጎረሰች። 

«ዓይን ካለም እኔ ላይ ይረፍ» አለች አፏ እንደ ሞላ።

እህቴ ውሃውን እያየች አፏን ከፈተች።